የእንዳላማው ክምርና የአመተ ማርያም ዶሮዎች

ከደብረ ወርቅ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ባለች መንደር እንዳላማው የሚባል ገበሬ አለ። አረቄ አይቀምስም። ጫት ምን ምን እንደሚል አያውቅም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገቡ ከቆመ ያስነጥሰዋል። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳሩ ለሚስቱ ለጥሩነሽ ሳይናገር ውጭ ያደረው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም አሁን እናወራዋለን። እንዲህ ያለውን ጨዋ ሰው ሱሰኛ ነው ብሎ ማን ያማል? ጥሩነሽ ታማለች። ያውም በአደባባይ።

"የኔ ባል ሱሱ መከመር ነው" ትላለች። ሰው ይስቃል፤ እሷ አትስቅም።

ክምር ያላየ የከተማ ሰው ካለ በአጭሩ ልንገረው። ጤፍ በኅዳር ይታጨዳል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ከዚያ አውድማ ዳር ተቆልሎ ውቂያ እስኪደርስ ይጠብቃል። ያ ቁልል ነው ክምር የሚባለው። ሰው ሁሉ ይከምራል። ፍሬ የያዘው ዛላ ወደ ውስጥ፣ እግሩ ወደ ውጭ ይደረጋል፤ አናቱ ይሾላል፤ ዝናብ እንዳያስገባ ይከደናል። በቃ፣ ሰውየው ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል። እንዳላማው ግን እራት አይታየውም። ክምሩን አንዴ ከምሥራቅ፣ አንዴ ከምዕራብ ሆኖ ያየዋል። ጉብታው ላይ ወጥቶ ያየዋል። ጎንበስ ብሎ በእግሮቹ መሃል አጮልቆም ያየዋል፤ ተገልብጦ ሲታይ የሚያምር ክምር ብቻ ነው በእውነት የሚያምረው ባይ ነው። ከዚያ "ወገቡ ወፍሯል" ይልና ያን ባለ ሁለት ጣት የእንጨት መንሹን ያነሳል።

ነገሩ የጀመረው በደህና ነበር፤ ሱስ ሁሉ እንደዚያ ነው። አባቱ በሞቱ በዓመቱ፣ ገና ሃያ ዓመቱ ሳለ፣ ብቻውን የከመረው ጤፍ በኅዳር መጨረሻ በወረደ ዝናብ ከውስጥ በስብሶ ተገኘ። ያን ዓመት እናትና ልጅ ድንች እየቀቀሉ ከረሙ። በሚቀጥለው ዓመት እንዳላማው በእልህ ተነሳ። የሰው ክምር እየዞረ አየ፣ የጎጆ ክዳን አየ፣ ውኃ በየት በኩል እንደሚንሸራተት አጠና። ከመረ። ዝናቡም እንደ አምናው ወረደ። ሲያባራ ሮጦ ሄዶ እጁን ክምሩ ውስጥ እስከ ብብቱ ቢከተው ደረቅ ነው! ጠብታ አልገባም። ዛሬም ያን ቀን ሲያወራ እጅጌውን ይሰበስባል። "እዚህ ድረስ ከተትኩት፤ እዚህ ድረስ ደረቅ!" ይላል፣ ብብቱን እያሳየ።

እንግዲህ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ጎበዝ ገበሬ ተብሎ ይቀር ነበር። አልቆመም። በሦስተኛው ዓመት ዝናብ መመለሱ ብቻውን አላረካው አለ፤ ክምሩ ሆድ እንዲኖረው ፈለገ። በአራተኛው ዓመት አንገት አማረው። ከዚያ ወዲያማ ምኑ ይወራል! የቤተ ክርስቲያን ጉልላት የመሰለ ክምር ሠራ። ጃንጥላ የያዘች ሙሽራ የመሰለ ሠራ። አንድ ዓመት የሠራውማ ቁርጥ የጥሩነሽን እናት ስለመሰለ ጥሩነሽ ሦስት ቀን አኩርፋለች።

የራሱ ሲያልቅ ወደ ሰው ክምር ዞረ። ሲለምኑት ብቻ ቢሆን መልካም ነበር፤ ሳይለምኑትም ይሄዳል። ሰው ጠዋት ተነስቶ ክምሩን ሲያይ አንገት በቅሎበት ያገኘዋል። አንድ ጊዜ ደጀን ያለች እህቱ ታማ ሊጠይቃት በሚኒባስ ተሳፈረ። ብቸናን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ከመንገዱ በስተግራ አንድ ክምር አጋድሎ አየ። ዝም ለማለት ሞከረ። ዓይኑን ጨፈነ። መኪናው ትንሽ ሄደ። "ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ። ያን ቀን ያደረው ከማያውቀው ሰው ቤት ነው። ደጀን ሲደርስ እህቱ ድና ገበያ ወጥታ ነበር።

ጥሩነሽ ያላደረገችው የለም። ጸበል ወሰደችው፤ ሰባት ቀን እንዲጠመቅ ነበር ሐሳቧ። በሁለተኛው ቀን ጸበልተኛው ያመጣው ቢጫ ጀሪካን ሁሉ ከምንጩ ራስጌ ተደርድሮ፣ ትልልቁ ከታች፣ ትንንሹ ከላይ፣ አናቱ ላይ አንዲት የዘይት ጀሪካን ጉብ ብላ ተገኘች። ሰው የገዛ ጀሪካኑን ለማንሳት ፈራ፤ ከነካው ይናዳላ! አጥማቂው ቄስ ሳቃቸው አምልጧቸው ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዞሩ። ጥሩነሽ ባሏን በጋቢው ጫፍ ጎትታ ወደ ቤቷ መለሰችው። እቤትም ቢሆን ኩበቷን ደብቃ ነው የምትኖረው፤ አንዴ እንደ ግንብ ደርድሮላት፣ ለማገዶ አንዱን ልታነሳ ስትል "ከታች አይደለም! ከላይ ነው የሚነሳው!" ብሎ ስለጮኸባት።

"ምን አጠፋሁ?" ይላል ሲወቀስ። "ጠጣሁ? ሰው መታሁ? ቆንጆ ነገር መሥራት ወንጀል ነው? ስፈልግ እተወዋለሁ።"

"መቼ ነው የምትፈልገው?"

"ይቺን አናቷን ብቻ ላስተካክላት።"

ጥሩነሽ ይህን ጊዜ ወደ ጎረቤት ዞራ እንዲህ ትላለች፦ "ወንድሜ መሳፍንት አረቄ ይጠጣል፤ ጠርሙሱ ሲያልቅ ግን ይተኛል። የዚህ ሰውዬ ጠርሙስ አያልቅም። አፍርሶ እንደገና ይሞላዋል።"

ጉዱ ያለው ማፍረሱ ላይ ነው። ጤፍ ደቃቅ ናት፤ ነዶው በተነሳና በወደቀ ቁጥር ትረግፋለች። እንዳላማው አንዱን ክምር አፍርሶ በከመረ ቁጥር መሬቱ በጤፍ ይነጣል። ይህን ከሰው ሁሉ ቀድመው ያወቁት የአመተ ማርያም ዶሮዎች ናቸው። አመተ ማርያም ከአጥሩ ወዲያ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ዘጠኝ ዶሮዎች አሏት። እንዳላማው መንሹን ከግድግዳው ላይ ሲያነሳ ዘጠኙም ድምፁን ይለያሉ፤ በአጥሩ ቀዳዳ አንድ በአንድ ሾልከው አውድማው ላይ ይሰለፋሉ። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ከውፍረታቸው የተነሳ ቆጥ ላይ መውጣት ያቅታቸዋል። እንቁላላቸውስ ቢሉ! አመተ ማርያም ምን ብታበላቸው ነው ተብላ ስትጠየቅ "እግዜር ነው የሚያበላቸው" ትላለች፤ ዓይኗ ግን ሰረቅ ብሎ ወደ አውድማው ይሄዳል።

ይህ ሁሉ በየዓመቱ ተስቆ የሚታለፍ ነበር። ዘንድሮ ግን ሠርግ መጣ።

ትሕትና የእንዳላማውና የጥሩነሽ አንድያ ልጅ ናት፤ ጉንደ ወይን ነርስ ሆና ትሠራለች። ዓለምነው የሚባል መምህር ሽማግሌ ላከ፣ ተፈቀደለት፣ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ላለው እሑድ ተቆረጠ። የአምናው ጎተራ ተጠርጎ አልቋል። የሠርጉ እንጀራ የሚጋገርበት ጤፍ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ክምሩ ውስጥ።

የዘንድሮው ክምር ደግሞ፣ ወይ ጉድ! እንዳላማው በሕይወቱ እንደዚህ ያለ ሠርቶ አያውቅም። ከታች ሰፋ ብሎ ይነሳል፤ መሃሉ ላይ ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ከዚያ ዓይን ሳያውቀው እየቀጠነ ሄዶ አናቱ ላይ ነዶዎቹ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ይገናኛሉ። ለመጣው ነገር ትሕትናም ጥፋት አለባት። ለእረፍት መጥታ ሳለ በስልኳ ፎቶ አንስታ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። በሁለት ቀን አራት ሺህ ሰው ወደደው። እንዳላማው ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ እያንዳንዷን አስተያየት አስነበባት። "ይሄ ክምር ነው ቤተ መንግሥት?" ያለ ነበር። "እጅህ ይባረክ አባት" ያለ ነበር። አንዱ ደግሞ "አናቱ ትንሽ ወደ ግራ አላጋደለም?" አለ። ይህ ሰው ማን እንደሆነ አላወቅንም፤ የት እንደሚኖርም አላወቅንም፤ ብናገኘው የምንለው ነበረን። እንዳላማው አራት ሺውን ረስቶ በአንዱ ተያዘ።

"በየትኛው በኩል ቆሞ ነው ግራ ያለው?"

"አባዬ፣ ተወው። ሰው ዝም ብሎ ነው የሚጽፈው።"

አልተወውም። ትሕትና ወደ ሥራዋ ስትመለስ አፈረሰው። ከመረው። ወደ ቀኝ አጋደለበት። አፈረሰው። ዶሮዎቹ ደስታቸውን አልቻሉትም።

ለታኅሣሥ ስምንት ውቂያ ተቀጠረ፤ "አውድማው አልደረቀም" አለ። ለታኅሣሥ አሥራ አምስት ተቀጠረ፤ "በሬው ያነክሳል" አለ። በሬው ሲሄድ ታይቷል፤ አያነክስም። ጥሩነሽ ጉንደ ወይን ደወለች፤ ትሕትና በማግስቱ መጣች። አባቷን ያገኘችው ጉብታው ላይ ቁጭ ብሎ ነው። አጠገቡ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ የምትድረው እኔን ነው ወይስ ክምሩን?"

"ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው!"

"እንጃ። ክምሩን እንደምታየው አንድ ቀን እኔን ብታየኝ ብዬ ነው።" ዓይኗ እንባ ሞላ። "ሠርጌ ላይ እንጀራ ጎድሎ ቢሳቅብኝ እችለዋለሁ። አባቷ ከእሷ ክምር መረጠ ሲባል ግን አልችልም። ያ ያመኛል፣ አባዬ።"

እንዳላማው ልጁን ይወዳታል፤ ይህን የሚጠራጠር ቢኖር ከእኔ ጋር ይጣላል። "ገብርኤልን!" ብሎ ማለላት። "የገብርኤል ማግስት ይወቃል። ሥላሴን ይወቃል!" ሁለት መሐላ መማሉ ራሱ ያስጠረጥር ነበር፤ ትሕትና ግን አመነችው።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት መንደሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። እንዳላማውም ጋቢውን አጣፍቶ ከወንዶቹ ጋር ቆመ። ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ላይ ነው፤ ከቅጥሩ በር የእንዳላማው አውድማ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ላለማየት ብዙ ታገለ። ወደ መሬት አየ፣ ወደ ካህናቱ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ብሎ ዞር አለ። የጠዋቷ ፀሐይ የክምሩን ጥላ መሬት ላይ አስተኝታዋለች፤ ጥላው አናቱ ላይ ወደ ግራ አጋድሏል።

"ሰውየው እውነቱን ነው!" አለ እንዳላማው፣ ትንሽ ጮክ ብሎ።

ነገ እኮ ይወቃል፣ አለ በልቡ። ነገ አይኖርም። የማይኖር ነገር ቢያጋድል ምን አለበት? መልሶ ደግሞ፦ ካልቀረለት ቀጥ ብሎ ይፍረስ እንጂ! አጋድሎ ሊፈርስ ነው? ታቦት ወጥቶ እልልታው ሲቀልጥ ከሰዉ መሃል ሾለከ።

ጥሩነሽ በሴቶቹ በኩል ከአመተ ማርያም ጋር ቆማ ነበር። በመሃል አመተ ማርያም "ውይ፣ ዶሮዎቼ!" ብላ አፏን ያዘች። ጥሩነሽ ወደ ታች አየች። ዘጠኙም ዶሮዎች በአጥሩ ቀዳዳ አንድ በአንድ እየሾለኩ፣ ክንፋቸውን እያርገፈገፉ ወደ አውድማው ይሮጣሉ። ሌላ ምስክር አላስፈለጋትም። የቀረው ሰውም የእሷን ዓይን ተከትሎ አየ፤ እንዳላማው ከነክት ልብሱ ክምር ላይ ቆሞ በመንሽ ነዶ ይወረውራል። በገብርኤል ቀን! በማለበት በዓል!

እዚህ ላይ የመንደሯን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። በዓመት በዓል ሥራ የሠራ ሰው በረዶ ያስመጣል ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህ ያን ዓመት ደቦ አይወጣለትም። ማንም በሬውን ይዞ አይመጣም፣ ማንም ነዶ አያነሳለትም። ያን ሁሉ ጤፍ ደግሞ ያለ ደቦ ባልና ሚስት ብቻቸውን እንውቃ ቢሉ ሠርጉ አልፎ ዐቢይ ጾም ይገባል።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቅጥሩ ውጭ ባለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። የእንዳላማው የንስሐ አባት አባ ገዳሙም ነበሩ። የደቦው አለቃ አንሙት ተነስቶ ቆመ፤ ጎልማሳ ነው፣ ነገሩም ከብዶታል።

"ጋሼ እንዳላማው፣ በገብርኤል ቀን ሥራ ሠርተዋል። ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ዘንድሮ ደቦ አይወጣልዎትም።"

እንዳላማው ጋቢው ላይ ገለባ እንደተሰካበት ወደ ሴቶቹ ዞረ። ትሕትና ከእናቷ አጠገብ ቆማ ነበር፤ አንገቷን ደፋች። ያን ሲያይ የመጣለትን ተናገረ።

"ሥራ? ሥራ ያለው ማነው? ሥራ ቢሆንማ ለምን ደስ ይለኛል?"

ሰዉ ሳቀ። አባ ገዳሙ አልሳቁም።

"ድገመው እስቲ፣ ልጄ።"

እንዳላማው የተሳካለት መሰለውና ደረቱን ነፋ። "አባ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ። ሥራ ማለት ሰው ሳይወድ የሚያደርገው ነው። እኔ ስከምር ድካም አይሰማኝም። እራት አይታየኝም። ሚስቴ ስትጠራኝ አልሰማትም። ልተወው ስል ክንዴን ይበላኛል። ገና ሳልነሳ መኝታዬ ላይ ሆኜ እሱን ነው የማስበው። ይሄ ሥራ ነው?"

ጥሩነሽ ነጠላዋን አመሳቅላ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ይህን ቃል ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቃዋለች።

"ሰማችሁ?" አለች። "እኔ አላልኩም። በገዛ አፉ ነው ያለው።"

"አሁን የነገርከኝ" አሉ አባ ገዳሙ ረጋ ብለው፣ "የጥሩነሽ ወንድም መሳፍንት ስለ አረቄ ሲናዘዝ ከሚለው ምኑ ይለያል?" መሳፍንት ከኋላ ሆኖ "አባ!" አለ፤ ሰዉ እንደገና ሳቀ።

እንዳላማው ቢያስብ ቢያስብ ልዩነቱ ጠፋበት። ሥራ ነው ካለ ደቦ የለም፤ ሥራ አይደለም ካለ ጥሩነሽ ልክ ናት። ክምር የሚያህል ሰው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ሥራ አይደለም ብለሃል" አሉ አባ ገዳሙ። "እንግዲያው በዓሉን በሥራ አልሻርክም፤ ደቦው ነገ ይወጣልሃል። ቅዳሴ ትተህ ለሄድክበት ለሱስህ ደግሞ ቀኖና አለው። እስከ ትንሣኤ ድረስ ምንም ነገር አትከምርም። ነዶ አትከምርም፣ ጭድ አትከምርም፣ እንጨት አትከምርም። ጀሪካን በጀሪካን ላይ አታስቀምጥም።" የጸበሉ ወሬ እሳቸው ጋም ደርሷል ማለት ነው። "ነገ ጎረምሶቹ ክምሩን ያፍርሱት። አንተ እቤትህ ተቀመጥ።"

እንዳላማው ተነስቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። "አባ፣ ሌላውን ሁሉ እቀበላለሁ። የሰው እጅ አይንካው። ራሴ ላፍርሰው።"

አባ ገዳሙ ጥሩነሽን አዩዋት። ጥሩነሽ ብዙ ካሰበች በኋላ "እኔ ሥሩ ቆሜ እጠብቀዋለሁ" አለች።

በማግስቱ አሥራ አራት ሰው በሬውን ይዞ መጣ። እንዳላማው ክምሩ ላይ ወጥቶ ከሹሩባው ጀመረ። ነዶውን አንድ በአንድ እየፈታ፣ አንዱንም ሳይወረውር፣ ልጅ እንደሚያቀብል ሰው ጎንበስ እያለ አቀበለ። መንደርተኛው ሊስቅበት ነበር የመጣው፤ የሳቀ አልነበረም። አንገቱ ወረደ፣ ሆዱ ወረደ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እንዳላማው ባዶ መሬት ላይ ቆሞ ነበር። በሬዎቹ ገቡ፣ ተበራየ፣ ከሰዓት ነፋስ ሲመጣ ተዘርቶ ገለባው ተለየ፣ ተሰፈረ። አሥራ ሁለት ጆንያ ይወጣዋል የተባለው ስምንት ወጣው።

"አራቱ የት ገባ?" አለ አንሙት። ሰዉ ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ዶሮዎቹ ዞረ። ዶሮዎቹ አጥር ሥር ተኝተዋል፤ መነሳት አቅቷቸዋል።

"የልጄን እንጀራ ለዶሮ አበላሁት" አለ እንዳላማው። አፈረ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሲከምር ዝናብ አንዲት ፍሬ አልወሰደበትም፤ የወሰደው ራሱ ነው። ስምንቱ ጆንያ ለሠርጉ ይበቃል፤ ለክረምቱ ግን ቤቱ የሚጠብቀው ድንች ነው። ከእናቱ ጋር ድንች እየቀቀሉ የከረሙበትን ዓመት አስታወሰ፤ ለጥሩነሽም ነገራት። ጥሩነሽ ያን ቀን አልተቆጣችም።

ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው አመተ ማርያም ስምንት ዶሮ እግራቸውን አስራ፣ በሁለት እጇ አንጠልጥላ፣ ጎብጣ ገባች። "ጥሩነሽ፣ ተቀበይኝ። ጤፍሽ ነው" አለች። "አንዷን ለዘር አስቀርቻለሁ፤ ይቅር በይኝ።" እነዚያን ዶሮዎች የበለተ ሰው በዕድሜው እንደዚህ ያለ ስብ አይቶ እንደማያውቅ ተናግሯል።

ጭዱ ግን አውድማው ላይ እንደፈሰሰ ቀረ። ሌላ ሰው እንዳይከምረው እንዳላማውን ፈራ፤ እንዳላማው እንዳይከምረው ቀኖናውን። ጥሩነሽ ደግሞ መንሹን አስደብቃዋለች። እንዳላማው ወደ ወንዝ ሲወርድ አውድማውን ላለማየት ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፤ ማለፍ ግድ ከሆነበት ጋቢውን በዓይኑ ላይ ይጥላል፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ይወትፋል። ሁለት ጊዜ አጥር ጥሷል።

ሠርጉ ደረሰ። እንጀራው በቃ፣ ወጡ ተረፈ፣ ሰዉ ጠገበ። ትሕትና ልትወጣ ስትል የአባቷንና የእናቷን ጉልበት ሳመች፤ መረቋት። ሙሽራ በዚህ ጊዜ ታለቅሳለች። ትሕትና ፈገግ ብላ ተነሳች። "አይ የዛሬ ልጅ፣ እንባ እንኳ የላት!" ተባባሉ ሴቶቹ። እንዳላማውን ይህ አላሳሰበውም፤ እሱ የሚያየው ሚኒባሱን ነው። ጣራው ላይ ሣጥኑ፣ ሣጥኑ ላይ ፍራሹ ተጭኗል፤ ፍራሹ ወደ ግራ አጋድሏል። ምላሱን ነከሰ።

ሚኒባሱ በጭብጨባና በእልልታ ታጅቦ ተነሳ፤ አውድማው ጋ ሲደርስ ቆመ። ትሕትና ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች። ጭዱን አየችው። ነፋስ በትኖታል፣ ጥጃ ረግጦታል፣ መሃሉ ላይ ውሻ ተኝቶበታል። በመንደሩ እንደሱ ያለ አስቀያሚ ነገር አልነበረም። ትሕትና ከተወለደች ጀምሮ በአባቷ አውድማ ላይ አስቀያሚ ነገር አይታ አታውቅም። እዚያው ቆማ አለቀሰች፤ ለወጉ የሚለቀሰውን ዓይነት አይደለም፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ።

እንዳላማው ሮጦ ደረሰ። "ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?"

"አባዬ፣ እንዲህ ሆኖ እያየኸው ቻልከው?"

"አልቻልኩትም" አለ። "ግን ተውኩት።"

ትሕትና እንባዋን በጓንቷ ጠርጋ ከአጥሩ ሥር ካለው ቁጥቋጦ ገባች፤ ስትወጣ መንሹን ይዛለች። "እማዬ እንድደብቀው የሰጠችው ለእኔ ነው" አለች። "እንካ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሠርጌ ነው፤ አባ ገዳሙም አያዩም።" ከሸኚዎቹ መሃል የቆሙት አባ ገዳሙ እውነትም ሰማዩን ማየት ጀመሩ። ወጣቱ ሁሉ ስልኩን አወጣ።

እንዳላማው መንሹን ተቀበለ። መዳፉ ወዲያው አወቀው። ጭዱን አየ፤ ሆዱ የት መሆን እንዳለበት ታየው፣ አንገቱም ታየው። ከዚያ ዞር ብሎ ልጁን አየ። ከአክሊሏ እስከ ጫማዋ አየ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ እንደገና አየ፣ የሚስተካከል ነገር አጣባት። መንሹን መለሰላት።

"አይሆንም፣ ልጄ። ከጀመርኩ አላቆምም።"

ጥሩነሽ ሰማች። በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ትሕትና እያለቀሰችም እየሳቀችም አባቷን አቀፈችው፤ ቬሎዋ ላይ ጭድ ተሰካ፣ ማንም አላነሳላትም። ሚኒባሱ ሄደ። ባልና ሚስቱ መንገዱ ዳር ቆመው እስኪታጠፍ ድረስ አዩት።

"ጥሩነሽ" አለ እንዳላማው።

"ወዬ።"

"ፍራሹ ወደ ግራ አጋድሏል።"

"አይቻለሁ" አለችው፣ እጁን ጥብቅ አድርጋ ይዛ።